ከአሉባልታው ሥር ያለው ምት፦ የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» ሂሳዊ ዳሰሳ

ፍሊትውድ ማክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1977 ያወጣው «ሩመርስ» ብዙ የተሸጠ፣ ብዙም የተጻፈበት፣ ነገር ግን በጥሞና ያልተመረመረ የለስላሳ ሮክ አልበም ነው። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ለ31 ሳምንታት አንደኛ ሆኗል፤ በ1978 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት ተቀብሏል። ስለ አልበሙ የሚጻፈው ግን ዘወትር አንድ ነው፦ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ማክቪና የኪቦርድ ተጫዋቿ ክሪስቲን ማክቪ ተፋቱ፤ ጊታሪስቱ ሊንዚ በኪንግሃምና ድምፃዊቷ ስቲቪ ኒክስ ተለያዩ፤ የድራም ተጫዋቹ ሚክ ፍሊትውድ ትዳርም በዚያው ሰሞን ፈረሰ። ታሪኩ እውነት ነው። «ወሬዎች» የሚል ስም ያወጣው ባንዱ ራሱ ስለሆነ አሉባልታው ከውጭ የተጫነበት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ትዳራቸው የፈረሰ ሙዚቀኞች ሌሎችም ነበሩ። ፍቺ ዘፈን ያስጽፍ ይሆናል፤ ዘፈኑን ለግማሽ ምዕተ ዓመት አያስደምጠውም።

የአልበሙ ጥንካሬ ምንጭ በባንዱ ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፒተር ግሪን በ1967 ለንደን ውስጥ የብሉዝ ባንድ ሲያቋቁም በራሱ ስም አልጠራውም፤ የድራም ተጫዋቹን የፍሊትውድንና ገና ወደ ባንዱ ያልመጣውን የማክቪን ስም አጣመረ። ግሪን በ1970 ሄደ፤ ከእርሱ በኋላም ጊታሪስቶች ተፈራረቁ፤ ባንዱ በ1974 ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ፤ በዓመቱ ማብቂያ በኪንግሃምና ኒክስ ተቀላቀሉት። በዚህ ሁሉ መሐል ከቦታቸው ያልተነሱት ሁለቱ ናቸው። በ1976 መጀመሪያ በካሊፎርኒያዋ ሳውሳሊቶ ከተማ በነበረው ሬኮርድ ፕላንት ስቱዲዮ ሲገቡ ከስምንት ዓመት በላይ አብረው ተጫውተው ነበር። በብሉዝ መድረክ ላይ የተማሩት ዋነኛ ነገርም ለሌላው ቦታ መተው ነው።

ይህ ትምህርት ጎልቶ የሚሰማው «ድሪምስ» ላይ ነው። ባንዱ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ያገኘበት ብቸኛ ነጠላ ዘፈን ይኸው ሲሆን ከሞላ ጎደል በሁለት ኮርዶች ብቻ የተሠራ ነው። ኒክስ መጀመሪያ በኪቦርድ ስታሰማት አሰልቺ እንደመሰላት ክሪስቲን ማክቪ ኋላ ተናግራለች። ዘፈኑን ከድግግሞሽ ያወጣው በኪንግሃም መሆኑ ተደጋግሞ ይጻፋል፤ ያንኑ ኮርድ በሦስት የተለያየ መልክ አቀናብሮታልና ሐሰት አይደለም። ግን ግማሽ ነው። ቤዙ በሁለት ኖታዎች መካከል ይመላለሳል፤ ድራሙም አንዱን ምት ሳያፈጥን፣ ሳያስጌጥ፣ ይዞ ይዘልቃል። መሬቱ ስለማይናወጥ ኒክስ ቃላቷን ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት እያደረገች እንዳሻት ትጥላቸዋለች። ከሳውሳሊቶው ቀረጻ እስከ መጨረሻው የቆዩት ድራሙና የእርሷ ድምፅ ብቻ ናቸው፤ ጊታሩና ቤዙ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተደረቡ። ማክቪ እንግዲህ የተጫወተው ከሞላ ጎደል ያለቀለት ዘፈን ላይ፣ ጊዜም ስቱዲዮም እንደልብ በሆነበት ሁኔታ ነው። ሌላ ተጫዋች ክፍተቱን ሁሉ በሞላው ነበር።

ድራሙ ሁልጊዜ እንዲህ ጸጥተኛ አይደለም። «ጎ ዩር ኦውን ዌይ» ላይ በኪንግሃም የፈለገው የሮሊንግ ስቶንስን «ስትሪት ፋይቲንግ ማን» የሚመስል አመታት ነበር። ፍሊትውድ የተባለውን በትክክል መድገም አልቻለም፤ በመሞከር ላይ ሳለ ሌላ ነገር አገኘ። ከአዝማቹ በፊት ባሉት ስንኞች ትልልቆቹ ከበሮዎች ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ይጠነክራሉ፤ ሰሚው አንድ ብሎ ለመቁጠር ሲዘጋጅ ምቱ ቀድሞት ያልፋል። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሬት ይረግጣል፤ የዘፈኑ ጉልበትም ከዚያች ቅጽበት ይመነጫል። ፍሊትውድ አመታቱ ከዲስሌክሲያ፣ ማለትም ከማንበብና ከመጻፍ ችግሩ፣ ጋር የተያያዘ መሆኑን ራሱ ገልጿል። ብዙ ሂሶች ይህን እንደ አዝናኝ ገጠመኝ ይጠቅሱትና ወደ ግጥሙ ትርጉም ይሻገራሉ። ቁጣው ግን ያለው ከግጥሙ ይልቅ በዚህ የተዛነፈ ምት ውስጥ ነው።

የድራሙ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በቀረጻው ሂደት ላይም ታይቷል። ሥራው በባለ24 ትራክ ቴፕ ላይ ለወራት ተራዘመ። አንድ ድምፅ በተደረበ ቁጥር ክሩ በማሽኑ ውስጥ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥርም መግነጢሳዊ ልባሱ ይታሻል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም የሲምባሉና የስኔሩ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። ፕሮዲውሰሮቹ ኬን ካያትና ሪቻርድ ዳሹት ድራሙ መደንዘዙን ያስተዋሉት ዘግይተው ነበር። ደግነቱ ገና በጅምሩ የተቀረጸና ብዙም ያልተነካ መጠባበቂያ ቴፕ ተቀምጦ ነበር። ችግሩ ሁለት ማሽኖችን በትክክል እኩል ማስኬድ ነበር። አንድ ቴክኒሻን የአንዱን ቴፕ ድራም በቀኝ ጆሮው፣ የሌላውን በግራ ጆሮው እየሰማ፣ ፍጥነታቸውን በእጁ እያስተካከለ፣ የተደረቡትን ድምፆች ሁሉ ጤነኛው ድራም ወዳለበት ቴፕ አዛወራቸው። ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ድምፁ ከድራሙ ጋር እንዲገጥሙ ተደረገ እንጂ አዲስ ድራም አልተመታላቸውም። ስለ «ሩመርስ» ከሚነገሩ ታሪኮች ሁሉ ብዙ ሊነገርለት የሚገባው ይህ የጆሮ ሥራ ነው።

አልበሙ እንከን የለሽ አይደለም። «ዶንት ስቶፕ» ከሚገባው በላይ ተወድሷል። ቢል ክሊንተን በ1992 ለምርጫ ዘመቻው ከመረጠው ወዲህ የአልበሙ መለያ እስኪመስል ድረስ ተሰምቷል፤ ለአደባባይ የተመቸው ግን ሶምሶማው ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ስለማይጠይቅ ነው። የባሰው ስሕተት የኒክስን «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ማስወጣት ነበር። የሸክላው ጎን ከዚያ በላይ ስለማይችል ዘፈኑ ረዘመ ተብሎ ተቆረጠና የ«ጎ ዩር ኦውን ዌይ» ነጠላ ሸክላ ጀርባ ላይ ቀረ፤ ቦታውንም «አይ ዶንት ዋንት ቱ ኖው» የተባለ የቆየ የኒክስ ዘፈን ያዘ። ምትኩ ፈጣንና ደስ የሚል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። የወጣው ግን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ጩኸት የሚያድግ፣ ቤዙና ድራሙም ከልስላሴ ወደ ኃይል ደረጃ በደረጃ የሚሸጋገሩበት ሥራ ነበር። ሁለተኛው ጎን መሐል ላይ የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው።

ያም ሆኖ ሁለተኛው ጎን የሚከፈተው በ«ዘ ቼይን» ነው። አምስቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት ብቸኛው የአልበሙ ዘፈን ይኸው ሲሆን የተገጣጠመውም ከቁርጥራጭ ነው። ክሪስቲን ማክቪ ከጀመረችው ሌላ ዘፈን መጨረሻው ብቻ ተርፎ፣ ቴፑ በምላጭ ተቆርጦ፣ አዲስ ስንኝ ከፊቱ ተቀጠለለት። መጀመሪያ ላይ በእግር የሚመታው ከበሮ ብቻውን እንደ ልብ ትርታ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ነገር ይቆምና የማክቪ ቤዝ አሥር ኖታዎችን ብቻውን ይጫወታል። ቢቢሲ ይህችን ክፍል ከ1978 ጀምሮ ለዓመታት ለፎርሙላ አንድ የመኪና ውድድር ስርጭቱ መግቢያ አድርጓት ነበር፤ በብሪታንያ የባንዱን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ይለያታል። በለስላሳ ሮክ ውስጥ ድምፃዊና ጊታር ዝም ብለው ቤዝ ብቻውን የዘፈን ቁንጮ የሆነበት ሌላ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

«ዩ ሜክ ላቪንግ ፈን» ላይ ደግሞ ነገሩ ከሙያ ብቃት ያለፈ ይሆናል። ክሪስቲን ማክቪ ዘፈኑን የጻፈችው ከባሏ ከተለየች በኋላ ስለወደደችው ሌላ ሰው ነው። ቤዙን የሚጫወተው የቀድሞ ባሏ ነው። አጨዋወቱ ውስጥ ግን ቅሬታም ስንፍናም አይሰማም፤ የእርሷን ኪቦርድ እየተከተለ፣ ስንኟ ሲያልቅ ከሥሯ እየደገፈ፣ ዘፈኑን ደስተኛ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሕመሙን የጻፉት፣ የዘፈኑትና በየቃለ መጠይቁ የተረኩት ብዙ ተደንቀዋል። ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሌላውን ደስታ በጣቶቹ የተሸከመው ሰው ከሁሉም የላቀ ሥራ ሠርቷል።

መዝጊያው «ጎልድ ደስት ውማን» ነው። ፍሊትውድ ለዚህ ዘፈን መስተዋት እየሰበረ አስቀርጿል፤ ሆኖም የዘፈኑ አስፈሪነት ያለው ከስባሪው ድምፅ ይልቅ በዝግተኛው፣ ለመጨረስ በማይቸኩለው የምት አካሄድ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ሩመርስን» በ2017 ዓመት ምርጫው በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገብ አስገብቶታል። ባንዱ ከ1968 የመጀመሪያ አልበሙ እስከ 2003ቱ «ሴይ ዩ ዊል» ባወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ ላይ የተጫወቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ሚክ ፍሊትውድና ጆን ማክቪ።