ሠሪው የት ገባ? የሳሎን ጊታር፣ ክራርና የባለእጅ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሳሎን ጨዋታ የተሠራ ትንሽ ጊታር ገበያ ሲወጣ፣ አዋቂ ገዢ ክሩን ከመንካቱ በፊት ሆዱን በባትሪ ያያል። የሚፈልገው የሠሪውን ማኅተም ነው። መሣሪያው የጊታር ሠሪው የክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ወይም የድርጅቱ ከሆነ ስሙ ከውስጥ ተመትቶ ይገኛል፤ ከ1898 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሠራ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ስላለው ዓመቱን ከመዝገብ ማመሳከር ይቻላል።

የማርቲን ታሪክ በሰነድ የዳበረው ግን ስለተከበረ ብቻ አይደለም፤ ስለተከሰሰም ነው። በ1796 እ.ኤ.አ. በሳክሶኒዋ ማርክኖይኪርሸን የተወለደው ይህ ሰው የአናጢዎች ማኅበር አባል ከነበረ ቤተሰብ የመጣ ነበር። የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር «ጊታር መሥራት የእኛ ድርሻ ነው» ብሎ ለባለሥልጣን አቤት አለ፤ አናጢዎቹም መልስ ሰጡ። በ1833 እ.ኤ.አ. ማርቲን ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። የሁለቱ ማኅበራት ንትርክ እንጀራ ለመቀማማት የተደረገ ቢሆንም ለታሪክ ጸሐፊ የተረፈው ወረቀት ነው፦ ማን ምን እንደሠራ፣ በማን ፈቃድ።

በእኛ አገር ባለእጅ በስሙ ሳይሆን በሙያው ይጠራ ነበር፤ ሙያው ደግሞ ስድብ ነበር። ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ» እየተባለ፣ «ቡዳ» የሚለውም ይጨመርበት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። በእንዲህ ያለ አገር በሥራው ላይ ስሙን የሚጽፍ ማን ነው?

በገና ከዚህ ስድብ ያመለጠ ይመስላል፤ የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ ነውና። ማምለጡ ግን ለደርዳሪው ነው። የበገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መማራቸውን እናውቃለን፤ በገና ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በስም ይወርዳል። እንጨቱን የፈለፈለው፣ ቆዳውን ያለፋው፣ የበጉን አንጀት አጥቦና ገምዶ አሥሩን አውታር ያወጣው ሰው በዚህ ሐረግ ውስጥ ቦታ የለውም። ጥናቱም ብዙ አልረዳም። ማይክል ፓውን ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የጻፈው የ1968 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያዎቹን በዓይነት እየለየ ስለሚሄድ «ክራር» እንጂ «ይህ ክራር» የሚባል ነገር አናገኝበትም።

አንድን የቆየ ክራር ቀረብ ብሎ የሚያይ ግን የሚያነበው አያጣም። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ በጠፍር ስለሚታሰር፣ ሲደርቅ ራሱ እየጠበቀ ጠፍሩን ይስባል፤ የጠፍሩ አካሄድ የአሳሪውን እጅ ልማድ ያሳያል። ቀንበሩ ላይ መቃኛው የሚጠመጠምበት ቦታ ይሞረዳል። ገበቴው እንጨት መሆኑ ቀርቶ የብረት ሳህን ሲሆን አንዳንድ ሰው «ተበላሸ» ይላል፤ እኔ አልስማማም። በፋብሪካ የተሠራ ሳህን መሣሪያው ከመቼ ወዲህ እንደተሠራ ለመገመት ይረዳል። አንጀቱ በናይለን ወይም በሽቦ መተካቱም እንዲሁ፤ የድሮው ጊታር ራሱ የአንጀት ክር ነበረው፣ ሽቦ ሲመጣ ሠሪዎቹ ሆዱን ከውስጥ ማጠናከር ነበረባቸው።

በሸዋ ወዳለው ወደ ይፋት ስንመጣ የሠሪው ጥያቄ መሬት ይይዛል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ የሚዘልቀው የደሴ መንገድ የመንዝን ደጋ በግራ ትቶ ቆላውን ይዞ ይሄዳል፤ አለፍ ሲል ወደ አምባሰልና ወደ ባቲ ያደርሳል፤ ሁለቱም ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ አገሮች ናቸው። ቅኝት በአገር ስም ሲጠራ፣ መሣሪያ በሠሪው ስም አልተጠራም። በዚሁ መንገድ ላይ የሚውለው የእሑዱ የሰንበቴ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ያገናኛል። ለዚህ አካባቢ ጥናት የሚሻለው መነሻ፣ በእኔ ግምት፣ ከአዝማሪው ይልቅ ቆዳ ሻጩ ነው፦ በጉ ከየት ወረደ፣ ቆዳውን ማን አለፋ፣ እንጨቱ ከማን ማሳ ተቆረጠ። ከተጫዋች ቤት የሚገኝ አሮጌ መሣሪያ ዕድሜውም መጠርጠር አለበት፤ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን አናግቶ ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ስንቱን ቤት ከነዕቃው ቀብሯልና፣ «የአያቴ ነው» የተባለ ክራር ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ የተሠራው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።