እፍኙን የያዘው እጅ

ባለፈው ክረምት የአንድ አባወራ እግር እያጠብን ሳለ አዲስ ተመድቦ የመጣ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ሲስተር፣ ወንድማቸው እኮ አብሯቸው ነው ያደገው። አንድ ማሳ ላይ ሁለቱም በባዶ እግራቸው አርሰዋል። ታዲያ ለምን እሳቸውን ብቻ?» ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ደፍርሶ ቀልቷል። ከጣቶቻቸው መሐል ጨርቁን እያስገባሁ አደርቅ ነበርና ወዲያው አልመለስኩለትም። አባወራውም ጥያቄውን ሰምተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከልጁ በፊት ስንት ዓመት ሲጠይቁት የኖሩት እሳቸው ናቸው።

በመቱ፣ በጎሬና በኡካ ዙሪያ ዝሆኔን ለምናክም ሰዎች ስለ ቀዩ አፈርና ስለ ዝናቡ ማውራት አያስፈልግም። ወደ ጋምቤላ ቆላ ሲወረድ ያለው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ሌላ በሽታ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። የእኛን ደጋ ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከሕሙማኑ ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣት አግኝቷል፤ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገምም ጽፏል። ይህ ሁለተኛው ነገር ነው እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያከራክረኝ የኖረው።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጤና መኮንን አለ። «ለበሽተኛ ስለ ጂን ማውራት ጊዜ ማጥፋት ነው። ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ጫማ፤ አለቀ» ይላል። ሳሙናውን እኔም አልለቅም፤ እጄ የተላጠው በእሱ ነው። ግን «ለምን እኔ?» ብሎ መልስ ያጣ ሰው መልሱን ከጎረቤት ይለቅማል። ጎረቤት ደግሞ ያለው ሁለት መልስ ነው፤ እርግማን ወይም ዘር። በኦሮምኛ «ሰኚ» ከተባለ በቃ ተዘጋ። በዘር የመጣ ከሆነ ጫማ ምን ይፈይዳል? ልጆቹም በባዶ እግራቸው ይለቀቃሉ።

ስለዚህ እኔ ሰኚ አልልም። «ሀርካ»፣ እጅ እላለሁ።

እዚህ አገር ቡና ያልሸጠ የለም። ነጋዴ ጆንያውን ዘርግፎ አያይም፤ ሻጩ እፍኝ አውጥቶ በመዳፉ ያሳየዋል፣ እሱም ያንን አይቶ ይፈርዳል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። በሥጋችን ውስጥ የሚዞሩ ጠባቂ ሴሎች ያገኙትን ይውጡና ፕሮቲኑን ቆራርጠው ትንሿን ቁራጭ ኤችኤልኤ በሚባል ሞለኪውል መዳፍ ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያወጡታል። ቲ ሴል መጥቶ ያያል። ከወደደው ያልፋል፣ ከጠረጠረው ቁጣ ያስነሳል። በ1974 ካንቤራ ውስጥ ዚንከርናገልና ዶኸርቲ በአይጥ ላይ ያሳዩት ነገር ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ቲ ሴሉ ቁራጩን ብቻ ሳይሆን የያዘውን እጅ ጭምር ነው የሚያየው። በማያውቀው እጅ ቢቀርብለት ያንኑ ቁራጭ አይለየውም። ለዚህ ሥራ በ1996 ኖቤል ተሸልመዋል።

የሰው ሁሉ መዳፍ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የሚይዘውን ሌላው ያንጠባጥባል። በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት፣ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በዚሁ በኤችኤልኤ ሁለተኛው ክፍል አካባቢ ነበር። ያን ጽሑፍ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሥቼ ቆምኩ።

ጤና መኮንኑ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አለው። «ቲ ሴል የሚያየው የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ አፈር ፕሮቲን አይደለም፤ ታዲያ መዳፉ ላይ ምን ተቀመጠ?» እውነቱን ነው፤ በዝሆኔ ላይ ያ ቁራጭ እስካሁን ተለይቶ አልተገኘም። ግን የቤሪሊየም ብናኝ ተንፍሰው ሳንባቸው የሚታመም ሠራተኞችን ነገር አነሣለታለሁ። እዚያ ብረቱ ራሱ ገብቶ ኤችኤልኤው መዳፍ ውስጥ ይቀመጣል፣ የገዛ አካል ቁራጭ ባዕድ መስሎ ይታያል። ያ ዓይነት መዳፍ ያላቸው ሰዎች ይበልጥ ይታመማሉ። ብናኙ ከሌለ ግን መዳፉ ብቻውን ማንንም አያሳምምም። የምሟገትለት ይህንኑ ነው።

ለልጁም ለአባወራውም በአንድነት የመለስኩት እንደሚከተለው ነበር። ከአባት ሁለት ዓይነት፣ ከእናት ሁለት ዓይነት እጅ አለ፤ ልጅ ከእያንዳንዳቸው አንዱን ይወስዳል። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አራቴ ቢታሰብ አንዱን ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት እጅ ይወርሳሉ፣ ሌላ አንዱን ጊዜ ደግሞ ምንም የማይገናኝ። አባወራው ፊታቸውን ከበሩ መልሰው «ታዲያ የሠራሁት ነገር አይደለማ» አሉ። ለትንሹ ልጃቸው የሚሆን የጫማ ቁጥር የጠየቁኝ ካልሲያቸውን ሲያጠልቁ ነው።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ኡካ ነው የኖረችው። ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀን ተቆርጦ፣ እግሯ ማበጡ ሲሰማ «ዘሩ አለባቸው» ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የምትወጣው ሲመሽ ነበር። እናቴ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ጭቃ ላይ አድጋ እግሯ እንደ ሕፃን እግር ነው፤ ለሠላሳ ዓመት እህቷ ፊት እግሯን ከቀሚሷ ሥር ስትደብቅ አይቻለሁ።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ አንድ ከሰዓት ሁለቱ ሰፌድ ይዘው ቡና ሲለቅሙ አብሬያቸው ተቀመጥኩና ስለ እጁ ነገርኳቸው። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ቡናውን ወደ ሰፌዱ መለሰችና የእናቴን እጅ ስባ ከራሷ እጅ ጎን ዘረጋችው። ሁለቱም መዳፍ በቡና ገለባ ጠቁሯል። ብዙ አየችው። «ይለያያል ነው የምትይኝ?» አለችኝ። «ይለያያል» አልኳት። እናቴ እጇን አላነሣችም፤ እግሯን ግን ከቀሚሷ ሥር አወጣች።