ስያሜ ወይስ ፍርድ?
የሴት የመራቢያ አካልን ልዩ ልዩ አፈጣጠር ስለሚገልጹ የአማርኛ ቃላት የቀረበ ሂስ

ለአንድ የሙያ ጽንሰ ሐሳብ አቻ ቃል ሲፈለግ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ነገሩ ምን ይመስላል? የት ይገኛል? እንዴትስ ተገኘ?» የሚለው ነው። ስለ ሴት የመራቢያ አካላት በአማርኛ የሚጻፉትንና የሚተረጐሙትን የጤና ጽሑፎች ስንመረምር ግን፣ ከስያሜዎቹ ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ከመመለስ ይልቅ በባለአካሏ ላይ ፍርድ ሲሰጡ እናገኛቸዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋና ዋናዎቹን መርምሮ በምትካቸው ሊታሰቡ የሚችሉትን ማመልከት ነው።

ፍርዱ የሚጀምረው ከጥቅሉ ስም ነው። «ኀፍረተ ሥጋ» የሚለው ስያሜ ነውርን ከአካል ጋር አጣብቆ ይጠራል። ይህ የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የላቲኑ «ፑዴንዱም»ም «ማፈር» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ስያሜዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ለሴት ውጫዊ አካል ይህን ስም መጠቀም ትቷል። በአማርኛ በምትኩ የተለመደው «ብልት» ከነውር የራቀ ቢሆንም እጅግ ጥቅል ነው፤ ዶሮም 12 ብልት አላት። ስለዚህ በውጭ የሚታየውን «ውጫዊ ብልት»፣ ወደ ማሕፀን የሚያደርሰውን ደግሞ «የብልት ቦይ» ብሎ መለየት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያስከትለው ግን በብልት ቦይ አፍ ዙሪያ ለሚገኘው ስስ እጥፋት የተሰጠው «ክብረ ንጽሕና» የሚለው ስም ነው። ይህ እጥፋት በአንዳንዷ ቀለበት፣ በሌላዋ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል፤ በአንዳንዷም ብዙ ቀዳዳ ያለው ወይም እምብዛም የማይታይ ሊሆን ይችላል። ቅርጹን ተመልክቶ አንዲት ሴት ግንኙነት ፈጽማለች ወይም አልፈጸመችም ማለት እንደማይቻል የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 በጋራ አስታውቀዋል። ስያሜው ግን አካሉን የምስክር ወረቀት አድርጎታል።

እጥፋቱ አልፎ አልፎ ቀዳዳ ሳይኖረው ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ የወር አበባዋ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ በየወሩም ሆዷን ያማታል። መፍትሔው አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ተርጓሚው ይህን «ክብረ ንጽሕናዋ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል» ብሎ ቢያስቀምጠው፣ ለመፈረም እጇ የማይንቀጠቀጥ እናት ማን ናት? በዚህ ረገድ የስዊድኖች ልምድ ሊጠቅመን ይችላል። በቋንቋቸው «የድንግልና ቆዳ» ይባል የነበረውን «የቦይ አክሊል» የሚል ፍች ባለው አዲስ ቃል ለመተካት ሐሳብ ቀርቦ፣ የቋንቋ ምክር ቤታቸው ቃሉን በ2009 (እ.ኤ.አ.) የአዳዲስ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኛም «ከፈፍ» የሚል ቃል አለን። «ሽፋን» ብንል የተዘጋን ነገር ያመለክታል፤ ከፈፍ ግን ጠርዝን እንጂ መዝጊያን አያመለክትም። «የቦይ አፍ ከፈፍ» ብንል ለጤናማው ሁኔታ፣ «የተዘጋ ከፈፍ» ብንል ለሕክምናው ጉዳይ ይበቃል።

«ሕዝቡ የሚያውቀው ክብረ ንጽሕናን ነው» የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ይፋቅ አላልንም። ድንግልናን የሚመለከት የባህል ቃል ሆኖ በቦታው ይቀመጥ፤ የአካል ክፍል አቻ ሆኖ ግን አይግባ ነው የምንለው።

ሁለተኛው ስሕተት ጤናማ ልዩነትን ከእክል ጋር መቀላቀል ነው። ከ5 ሴቶች የአንዷ ያህል ማሕፀን ወደ ፊት በመደፋት ፈንታ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ሕመም አይደለም። «የዞረ ማሕፀን» ሲባል ግን አንባቢዋ ከቦታው የተናጋ፣ መመለስ ያለበት ነገር አድርጋ ትረዳዋለች። «ወደ ኋላ ያዘነበለ ማሕፀን» ማለት ብቻ በቂ ነው። ጣራው በጥቂቱ ወደ ውስጥ የጐበጠው፣ «ደጋንማ» ልንለው የምንችለው ማሕፀንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ ፈርቲሊቲ ማኅበር ባወጣው ምደባ ከመዛባት ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ተመድቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ማኅበራት ባወጡት ምደባ ግን ለብቻው ክፍል አልተሰጠውም። ያን ጊዜ «ጉድለት» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ ሳይንሱ ሐሳቡን ሲለውጥ ቃሉ አብሮት ሊሄድ አልቻለም። ቅርጹን ብቻ የገለጸ ግን ዛሬም አላፈረም።

ሦስተኛው ጉዳይ ትክክለኛውን የአፈጣጠር ልዩነት ይመለከታል። ማሕፀን በፅንስ ጊዜ ከሁለት ቱቦዎች ይሠራል፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. በ1830 በገለጻቸው በጀርመናዊው ሊቅ በዮሐንስ ሙለር ስም ይጠራሉ። ቱቦዎቹ መጀመሪያ ይገጥማሉ፤ ቀጥሎ በመካከላቸው የቀረው ግድግዳ ይጠፋል። ጨርሰው ሳይገጥሙ ከቀሩ «ጥንድ ማሕፀን»፣ ከታች ገጥመው ከላይ ከተለያዩ «ባላ ማሕፀን»፣ ገጥመው ግድግዳው ሳይጠፋ ከቀረ «ባለ ግድግዳ ማሕፀን» ይሆናል። ሁሉንም «ሁለት ቦታ የተከፈለ» ብሎ ማለፍ ግን ሕክምናውን ያዛባል፤ ግድግዳውን በማሕፀን በር በሚገባ መሣሪያ መቍረጥ ሲቻል፣ ባላው ግን በዚህ መንገድ አይታከምም። የላቲኑን «ባለ ሁለት ቀንድ» ቃል በቃል ከማምጣትም የቤታችን ባላ ቅርጹን በተሻለ ያሳያል።

እዚህ ላይ «ከውልደት ጀምሮ የነበረ» የሚለውን «በዘር የሚወረስ» ብሎ የመተርጐም ልማድም መታረም አለበት። ከውልደት የነበረ ሁሉ የተወረሰ አይደለም። ተርጓሚው ሁለቱን ሲያምታታ ሳያስበው የእናትን ወገን ይከሳል።

በመጨረሻም «መካን» የሚለው ቃል አለ። ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ሴቶች አንዷ ያለ ማሕፀን፣ ወይም ካልዳበረ ማሕፀን ጋር ትወለዳለች፤ የእንቁላል ዕጢዎቿ ግን እንደ ማንኛዋም ሴት ይሠራሉ። «ማሕፀን» ራሱ «ሕፃን» ከተገኘበት ከግእዙ «ሐፀነ» (አሳደገ፣ ተንከባከበ) የወጣ ነውና፣ ስሙ ከሥራው ጋር የተቈራኘ ነው፤ ማሕፀን የሌላት ሁሉ መካን የምትባለውም በዚሁ ቍርኝት ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በስዊድን ያለ ማሕፀን የተወለደች ሴት በተተከለላት ማሕፀን ልጅ ወልዳለች። «ያለ ማሕፀን የተወለደች» የሚለው ሐረግ ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም እውነት ነው፤ «መካን» ግን በአንድ ልደት ሐሰት ሆነ።

ስለዚህ መመዘኛችን አጭር ነው፦ ቅርጽን፣ ቦታንና አመጣጥን የሚናገር ስያሜ ይያዝ፤ ክብርን፣ ነውርንና ዕጣን የሚናገር ይቅር። ቃሉን በመጀመሪያ የምታነበው ሐኪሟ ሳትሆን ውጤቷን በእጇ ይዛ ደጅ ላይ የቆመችው ሴት ልትሆን እንደምትችል ተርጓሚው አይርሳ።