ሳይን ወዴት ይደርሳል? ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 በሰጠው መልስ ላይ የቀረበ ሂስ

በፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ በኦጉስተን ሉዊ ኮሺ ተደርሶ እ.ኤ.አ. በ1821 የታተመው «የአናሊሲስ ትምህርት» ለፓሪሱ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ዛሬ በየክፍሉ ለሚሰጠው የሊሚት ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ በመሆኑ፣ ብርታቱም ሆነ ጉድለቱ መምህራንን በቅርብ ይመለከታል። ሁለቱም ጎልተው የሚታዩት ደራሲው ስለ ሳይን በሰጠው አጭር ምሳሌ ላይ ነው።

ኮሺ በብያኔው፣ የአንድ ተለዋዋጭ መጠን ተከታታይ ዋጋዎች ወደ አንድ ቋሚ ዋጋ እየቀረቡ ሄደው ልዩነታቸው የተፈለገውን ያህል ሲያንስ፣ ያ ቋሚ ዋጋ ሊሚት ይባላል ይላል። በዚህም እልቆ ቢስ የሚባለው ነገር የሚደረስበት ስፍራ መሆኑ ቀርቶ ያለ ገደብ የማደግ አኳኋን ሆነ። ቀጥሎም ቀ ወደ 0 ሲቀርብ የ1/ቀ ሳይን ወዴት እንደሚያመራ ይመረምራል። 1/ቀ በመጠኑ ያለ ገደብ ስለሚያድግ፣ ጥያቄው ሳይን በእልቆ ቢስ ዘንድ ምን ይሆናል ከሚለው ጋር አንድ ነው። የኮሺ መልስ፣ ከ-1 እስከ +1 ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ሊሚቶቹ ናቸው የሚል ነው።

የዚህ መልስ ብርታት በክፍል ውስጥ ከተለመደው የሠንጠረዥ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ይገለጻል። ተማሪው በዲግሪ የ1000ን፣ የ10000ን፣ የ100000ን ሳይን ቢያወጣ ሁልጊዜ -0.985 ያገኛል፤ ከእያንዳንዳቸው ሙሉ ዙሮች ሲቀነሱ የሚተርፈው 280 ዲግሪ ነውና። 180ን፣ 1800ን፣ 18000ን ቢመርጥ ሁልጊዜ 0፣ 90ን፣ 450ን፣ 810ን ቢመርጥ ደግሞ ሁልጊዜ 1 ያገኛል። ሦስቱም ሠንጠረዦች የጸኑ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ፍርድ ይሰጣሉ። ስለዚህ «ሊሚቱ -0.985 ነው» ያለ ተማሪ ስሌት አልሳተም፤ ያሳሳተው አንድን መንገድ ብቻ ያሳየው ዘዴ ነው። ኮሺ መንገዶቹን ሁሉ አይቷል።

ጉድለቱ በስያሜው ላይ ነው። በራሱ ብያኔ መሠረት ሊሚት አንድ ቋሚ ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ሳይን የማይረጋባቸውን ብዙ ዋጋዎችም ሊሚት ብሎ ጠርቷቸዋል። እርግጥ ነው፣ ባለ ብዙ ዋጋዎቹን በድርብ ቅንፍ ይለያቸዋል፤ ነገር ግን ቅንፍ በዓይን እንጂ በጆሮ አይለይም። የኋላው ሥርዓት ይህን አርሞ «ሊሚት የለውም» ይላል።

ይሁንና «የለውም» የምትለው ቃል ብቻዋን ስትሰጥ ሌላ ስሕተት ትወልዳለች። ሳይን ስለሚወዛወዝ ሊሚት የለውም ተብሎ የተነገረው ተማሪ፣ የቀ ሳይን ለቀ ሲካፈልም ሊሚት የለውም ማለቱ አይቀርም። እውነቱ ግን፣ ቀ 100 ሲሆን ውጤቱ በመጠኑ ከ0.01 አይበልጥም፤ ቀ እያደገ በሄደ ቁጥር መወዛወዙ ሳይቆም ወደ 0 ይጠጋል። በአንጻሩ የቀ ሳይን በቀ ሲባዛ ውዝዋዜው ያለ ገደብ ይሰፋል፤ ሆኖም ደጋግሞ ወደ 0 ስለሚመለስ ወደ እልቆ ቢስ ይሄዳል አይባልም። ስለዚህ ሊሚትን የሚወስነው መወዛወዝ አለመወዛወዙ ሳይሆን የውዝዋዜው ስፋት ነው።

እንግዲህ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ከኮሺ ሊወስዱ የሚገባቸው የመንገዶቹን ብዛት የማሳየት ልማዱን እንጂ ስያሜውን አይደለም። የፈተና ጥያቄም «ሊሚቱ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ከሚያበቃ፣ ተማሪው ወደ ተለያዩ ዋጋዎች የሚያደርሱ ሁለት መንገዶችን እንዲያሳይ ቢጠይቅ፣ በግምት የተጻፈው «የለውም» በማስተዋል ከተጻፈው ይለያል።