ለሁለቱ አቦ የሚጠመቅ ጠላ

ሳሪስ አቦ አካባቢ ጠላ የምትጠምቅ እናት በዓመት ሁለት ትልልቅ ቀጠሮዎች አሏት፤ የአቦ በዓላት የሚውሉባቸው ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። ጌሾው ያው ነው፣ ብቅሉም ያው። ጠላው ግን አንድ ዓይነት አይወጣም። በጥቅምት ሌሊቱ ስለሚበርድ ጥንስሱ ቶሎ አይነሣም፤ ስለዚህ ቀደም ብላ ትጠነስሳለች። በመጋቢት ሙቀቱ ያጣድፈዋል። ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ይህ የአዲስ አበባ ክፍል ከእንጦጦ ሥር ካሉት ሰፈሮች ዝቅ ያለና ሞቃት በመሆኑ የበጋ ጠላ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ያው ሙቀት ግን ሳይጠራ ወደ መኮምጠጥ ይነዳዋል።

ጠላ ሲደፈርስ ብዙ ሰው የሚወቅሰው ማጥለያውን ነው። ይህ ትክክል አይመስልም። ጨርቅ የሚይዘው የጌሾ ቅጠልና ገለባ ነው። አንዲት የእርሾ ህዋስ ስፋቷ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ቢሆን ነው፤ በማንኛውም ነጠላ ሾልካ ታልፋለች። የጠላው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ጋኑ ከመከደኑ በፊት፣ ምጣዱ ላይ ነው።

ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ ተፈጭቶ በጥቂት ውሃ ይታሻል፤ ምጣድ ላይ እየተማሰለ እንኩሮ ይሆናል። ይህ ሁሉ ድካም ለቀለምና ለመዓዛ ብቻ አይደለም። ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ጥሬ ስታርች ለኢንዛይም አስቸጋሪ ነው፤ ውሃና እሳት ያገኘው ግን በቀላሉ ይሰበራል። በደንብ ያልበሰለ እንኩሮ ሳይሰበር የቀረውን ስታርች ጠላው ውስጥ ይተዋል፤ ያ ጭጋግ በኋላ ቢያጠሉትም አይለቅም። በሌላ በኩል ትኩስ እንኩሮ ጥንስስ ላይ መጨመር ኢንዛይሙንም እርሾውንም መግደል ነው። ልምድ ያላት ጠማቂ እንኩሮውን አስጥታ፣ በእጇ ዳስሳ፣ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጥ አትደፈድፍም። ቴርሞሜትር የላትም፤ መዳፏ ግን ከዓመት ዓመት የተፈተነ ነው።

በ1883 እ.ኤ.አ. ኤሚል ሃንሰን በዴንማርኩ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ አንድ የእርሾ ዘር ለይቶ ማራባት ከቻለ ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን እርሾ መርጠው ያስገባሉ። የጠላ እርሾ ግን ማንም ሳይጨምረው ከጌሾው፣ ከእህሉና ከዕቃው ይመጣል። ጋኑ በግራዋ ተፈትጎ በወይራ ጭስ የሚታጠነውም ለዚሁ ነው፤ የቀድሞው ጠላ ቅሪትና ኮምጣጣነቱ ለአዲሱ እንዳይተርፍ። ጌሾም ከምሬቱ ባሻገር የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች ያዘገያል። አሁን አሁን ጋኑን እየተካ ያለው የፕላስቲክ በርሜል ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ ለጭስ ግን አይሆንም። የወይራውን ሽታ የለመደ ጠጪ ልዩነቱን በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቀዋል፤ እውነትም የሚያሳዝን ጉድለት ነው።

ድፍድፉ በውሃ ተበጥብጦ የጋኑ አፍ ከተመረገ በኋላ የሚቀረው ሥራ አለመንካት ነው። መፍላቱ ሲበርድ እርሾው ቀስ በቀስ ይዘቅጣል፤ ብርድም ያግዘዋል። እዚያው አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ባለው የሄኒከን ፋብሪካ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ነው፤ የፋብሪካ ላገር ቢራ ከመጣራቱ በፊት ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ የሚቆየው ለዚሁ ነው። የጥቅምት ሌሊት ከዚያ ቅዝቃዜ ጥቂቱን ለጠማቂዋ በነጻ ይሰጣታል። የመጋቢቱን ጋን ግን ጥላ ያለበት ጓዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች።

ጋኑ ከተከፈተ ወዲህ አየር ይገባል፤ ጠላውም መኮምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ የሚከፈተው የአቦ ማኅበርተኛው ሊሰበሰብ ሲል ነው። የሚቀዳውም ከላይ ከላይ፣ አተላው ሳይናወጥ ነው። ጉሹን የሚወድ አለ፤ ሆድ የሚይዝ፣ ወፍራም መጠጥ ነው፣ ለእሱም ሳይጠራ ይቀርብለታል። የጠራው ሲያልቅ ድፍድፉ ላይ ዳግም ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪ ጌሾውም አልኮሉም የሳሳ በመሆኑ ብዙ አይቆይም፤ በጥቅምት ለጥቂት ቀን ሊጠጣ ይችላል፣ በመጋቢት ግን ቶሎ መጠጣት አለበት። አተላውን ላም ያላቸው ጎረቤቶች ይወስዱታል።