«ጉንፋን ያዘኝ»፦ ስለ እንግሊዝኛ መነሻ ሰዋስው መጻሕፍት የቀረበ ትችት

ለጀማሪዎች የሚዘጋጁ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ባለቤት፣ ግሥና ተሳቢ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይተነተናሉ፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭና ሰውኛ የተባሉት ዘይቤዎች ግን በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ ለጌጥ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ይደረደራሉ። ይህ አከፋፈል የአዘጋጁን ሥራ ያቀልል ይሆናል፤ ተማሪውን ግን ያሳስተዋል።

ምሳሌውን ከቅርብ እንውሰድ። በመርካቶ፣ በጎጃም በረንዳ የሚኖር አንድ ተማሪ (የሰፈሩ ስም ራሱ የቤትን አንድ ክፍል ለመላው መንደር ያዋለ ዘይቤ ነው) ከትምህርት ቤት የቀረበትን ምክንያት ሲጠየቅ «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል። አጭርና ነጠላ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሆኖም ጉንፋኑ እጅ እንዳለው ሁሉ ሰውን ይይዛል። እንግሊዛዊው በበኩሉ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ሲል ያዡ ሰውየው፣ የተያዘው ጉንፋኑ ይሆናል። በእኛ ዘንድ «አውቶቡስ አመለጠኝ» ሲባል የድርጊቱ ባለቤት አውቶቡሱ ነው፤ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ሲባል ግን ሰውየው ነው። «እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚለውንማ እንግሊዝኛ «አይ ፌል አስሊፕ» ብሎ ወሳጁን ጨርሶ ያስቀረዋል፤ ሰውየው ብቻውን ይወድቃል።

እንግዲህ ተማሪው «ኤ ኮልድ ኮት ሚ» ብሎ ቢጽፍ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ግሡን ከተሳቢው አስቀድሟል፤ ግሥን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ አማርኛ ለሚናገር ልጅ ይህ ቀላል ድል አይደለም። የሳተው ዘይቤውን ነው። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ «የሰዋስው ስሕተት» ካለው፣ ልጁ በትክክል የያዘውን ደንብ መጠራጠር ይጀምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታልና፣ ጥርጣሬው ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ አልፎ እስከ ፊዚክስና ታሪክ ይከተለዋል።

የተነጻጻሪ ዘይቤ ምሳሌዎችም ቢሆኑ መመርመር ይገባቸዋል። «አዝ ዋይት አዝ ስኖው» የሚለው ሐረግ «እንደ በረዶ የነጣ» ተብሎ ሲተረጎም፣ የመርካቶ ልጅ የሚያስታውሰው ንጣትን ሳይሆን በክረምት የቆርቆሮውን ጣራ የሚደበድበውን ድምፅ ነው። በዚያ ፈንታ «አዝ ዋይት አዝ ማኛ ጤፍ» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛነቱን አያጣም። የፈረንጁ አመዳይ ተራው ሲደርስ ይማረዋል።