ነበልባል በላሜራ ላይ

መኪና ላይ ነበልባል መሳል የሚማር ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሳቱ ላይ ነው። እኔ ቀድሜ የማየው በምላሶቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ነው። የመኪናው ጥቁር ቀለም በቢጫውና በቀዩ መሃል ገብቶ የሚወጣበት ያ ቦታ ቅርጹ ካላማረ፣ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢረጩበት እሳቱ አይነድም።

እዚህ ካሊፎርኒያ ሙያው የገነነው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ በፊትም የእሽቅድምድም መኪኖች ላይ ይሳል ነበር፤ እጃቸው ተለይቶ የሚታወቅ ጌቶች የወጡት ግን ያን ጊዜ ነው። ቮን ደች እየተባለ የሚጠራው ኬኔት ሃዋርድ አንዱ ነው። ላሪ ዋትሰን ደግሞ «የባሕር አረም» የተባሉትን ቀጫጭንና ረጃጅም ምላሶች አስለመደ። እኔ የምወደው የዋትሰንን ነው፤ ኮፈኑን ሳይሞላ መኪናውን ያስረዝመዋል።

ቅርጹ የሚወጣው በፕላስተር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲታጠፍ የማይጨማደድ የላስቲክ ፕላስተር። ቀኝ እጅ ጥቅልሉን ይዞ ይመራል፣ የግራ አውራ ጣት እየተከተለ ይጫናል። ዓይን ጣትን አያይም፤ ምላሱ የሚያልቅበትን ቦታ ቀድሞ ይዞ ይጠብቃል። ጣቱን እያየ የሚስብ ሰው መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል። ሁለት ምላሶች የሚገናኙበት ጉሮሮ ደግሞ እንደ እንባ ጠብታ ክብ ብሎ መመለስ አለበት። ሥራው የማን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

አንዱ ወገን ካማረ ሌላውን በዓይን ግምት አልደግመውም። ወረቀት ለጥፌ መስመሩን እገለብጣለሁ፣ ጥርስ ባላት ትንሽ ጎማ እበሳዋለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ በሌላው ወገን ላይ የጠመኔ ዱቄት እመታበታለሁ። ነጥቦቹ መንገዱን ያሳያሉ።

ቢጫ ጥቁርን አይሸፍንም፤ ስለዚህ በቅድሚያ ነጭ ይረጫል። ቢጫው መላውን ይለብሳል፣ ብርቱካናማው ከመሃል ይጀምራል፣ ቀዩ ጫፉን ብቻ ይነካል። አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ መታወቅ የለበትም፤ ለዚህም መርጫውን ራቅ አድርጎ፣ ግፊቱን ቀንሶ፣ ስስ ስስ እያደረጉ መደራረብ ያሻል። ካንዲ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ቀለም ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር ስለሚያጠቁረው ያለፈውን መመለስ አይቻልም። ብዙዎች ቀዩን ያበዙታል። ሙቀቱን የሚሰጠው ግን ቢጫው ነው፤ ቀይ ሲበዛ እሳቱ የበረደ ይመስላል።

ፕላስተሩ የሚነሳው ቀለሙ ጨርሶ ሳይጠነክር፣ ወደ ኋላ በራሱ ላይ እየታጠፈ ነው። ቀጥሎ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን ይረጫል። የክሊሩ ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ስለሚጎዳ፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ሳላጠልቅ መርጫ አላነሳም።

ፕላስተሩ ሲነሳ የቀለሙ ዳር ደረጃ ሠርቶ ይቀራል። ክሊሩ ቢያለብሰውም ዓይን ያገኘዋል። ዙሪያውን በብሩሽ የሚሰመረው ቀጭን ጠርዝ ይሸፍነዋል፣ ከዚያም አልፎ ነበልባሉን ከመኪናው ይለየዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ የኛ ሠዓሊዎችም ፊቱን፣ ልብሱንና ክንፉን በጥቁር መስመር ይቋጩታል። በነበልባል ላይ ግን የእኔ ምርጫ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ብርቱካናማው አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም ይጎላሉ።

ብሩሹ የሽኮኮ ፀጉር ነው፣ ረጅምና ጎራዴ መሳይ። ዋን ሾት የተባለውን ኢናሜል ቀለም ካርቶን ላይ እያሻሸሁ ፀጉሩን እስከ ሥሩ አጠጣዋለሁ፣ ትንሿ ጣቴ ላሜራው ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ በአንድ ፍጥነት እስበዋለሁ። መቀጠል ካስፈለገ የምቀጥለው ሹሉ ጫፍ ላይ ነው። መስመሩን ከክሊር በታች የሚያደርጉ አሉ፤ ላዩ ይለሰልሳል፣ ግን ኢናሜሉ ማጠንከሪያ ካልተጨመረበት በክሊሩ ሊጨማደድ ይችላል። እኔ ከላይ ነው የማሰምረው። ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫርም ክሊሩ ሳይነካ ይታደሳል።

ወጪ ለመቀነስ «ጠርዙ ይቅር» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ሌላ መቀነሻ እፈልግላቸዋለሁ፦ ምላሶቹን አሳጥራለሁ፣ በሩን ትቼ ፓራፋንጎው ላይ እጨርሳለሁ። ያለ ጠርዝ ግን መኪናውን አላስረክብም።